ሲጂ 125ን ለጣና ዳርቻ ረጅም መንገድ ማዘጋጀት

ከባሕር ዳር ተነስቶ የፎገራን ሜዳ አቋርጦ ጎንደር ለመግባት፣ ከዚያም በቆላ ድባ በኩል ወደ ጎርጎራ ወርዶ ጣናን ከሰሜን ዳርቻው ለማየት 125 ሲሲ ሞተር ይበቃል። ብዙ ሰው ይህን አያምንም። ትንሽ ሞተር ብስክሌት የከተማ መላላኪያ፣ ቢበዛ እስከ መራዊ ወይም እስከ ጢስ ዓባይ ደርሶ መመለሻ ተደርጎ ይቆጠራል። በአግባቡ የተዘጋጀ ሆንዳ ሲጂ 125 ግን ቀኑን ሙሉ ይሄዳል። ያልተዘጋጀው አዲስ ዘመን ከተማን አልፎ ዳገቱ ሲጀምር ይለግማል።

ሁለቱን የሚለያቸው ሙቀት ነው። በአየር የሚቀዘቅዝ ትንሽ ሞተር ያለ የሌለ ጉልበቱን አውጥቶ ለሰዓታት ሲሠራ፣ ከመቃጠል የሚያድኑት ዘይቱ፣ በሲሊንደሩ ክንፎች መካከል የሚያልፈው ነፋስ እና ትክክለኛ የቤንዚንና የአየር ድብልቅ ናቸው። ከዚህ በታች የምዘረዝራቸው ሥራዎች አብዛኞቹ ከእነዚህ ለአንዱ የሚያገለግሉ ናቸው። በደጃችሁ፣ በቀላል መሣሪያ፣ በአንድ ቀን ሊያልቁ ይችላሉ።

ሞተሩን ማወቅ

ሲጂ 125 እ.ኤ.አ. በ1976 ለገበያ ሲቀርብ የታሰበው ዘይት በጊዜው ለማይቀየርበት፣ ጭነት ለሚበዛበትና አቧራ ለማይጠፋበት አገር ነበር። ከእሱ በፊት የነበሩት ብዙዎቹ ትናንሽ የሆንዳ ሞተሮች ካማቸው፣ ማለትም ቫልቮቹን የሚያነሳው ባለ ጉብታ ዘንግ፣ ከላይ፣ ቴስታታው (የሲሊንደሩ ራስ) ውስጥ የተቀመጠ ነበር። ዘይት ሲጠቁርና ሲያንስ መጀመሪያ የሚበላው ይህ ከላይ ያለው ካም ነው። መሐንዲሶቹ በታዳጊ አገሮች የሞተር ብስክሌት አያያዝ ምን እንደሚመስል ተመልክተው ካሙን ወደ ታች፣ ዘይቱ ወዳለበት አወረዱት። እዚያ ሆኖ ከኮሎው (ፒስተኑ ከሚያዞረው ዋና ዘንግ) ጋር በጥርስ ተያይዞ ይዞራል፤ እያደር የሚረዝምና የሚላላ የውስጥ ሰንሰለት የለውም። ካሙ ያለው ጉብታ አንድ ብቻ ነው፤ ያው አንዱ ጉብታ የማስገቢያውንም የማስወጫውንም ቫልቭ ገፊ ዘንግ በየተራ ያነሳል። ክፍል በቀነሰ ቁጥር የሚበላሽ ነገርም ይቀንሳል፤ ከዚህ የበለጠ ብልህነት በትንሽ ሞተር ላይ አላየሁም።

የሲሊንደሩ ስፋት 56.5፣ የፒስተኑ ምት 49.5 ሚሊ ሜትር ነው፤ ይህም 124 ሲሲ ይሆናል። ጉልበቱ በባሕር ጠለል ላይ 11 የፈረስ ጉልበት ገደማ ነው። ባሕር ዳር ግን 1,800 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፤ እዚህ አየሩ ከባሕር ጠለል አንጻር ወደ 16 በመቶ ስለሚሳሳ የሚቀርላችሁ ዘጠኝ የፈረስ ጉልበት ያህል ነው። ጎንደር ደግሞ ከዚህም ከፍ ትላለች። ስለዚህ ይህ ሞተር በእኛ አገር ዘወትር ከአቅሙ ጫፍ አጠገብ ሆኖ ይሠራል።

በከተማችን የሚታዩት ብዙዎቹ በቻይና የተሠሩ 125 እና 150 ሞተሮች ይህንኑ ንድፍ የተከተሉ ናቸው። የእናንተ የትኛው እንደሆነ ለመለየት የቴስታታውን ጎን ተመልከቱ፦ ከጎኑ ክብ ክዳን ካለው ካሙ ከላይ ነው፤ ክንፍ ብቻ ሆኖ ሜዳ ከሆነ ግን ባለ ገፊ ዘንጉ ነው። ከዚህ በታች የሰጠኋቸው ልኮች የሲጂ 125 ናቸው። ሞተራችሁ ሌላ ከሆነ ቅደም ተከተሉን ውሰዱና ልኩን ከራሱ መጽሐፍ አረጋግጡ።

የዚህ ሞተር ትልቁ አደጋ ታጋሽነቱ ነው። ከተማ ውስጥ ዓመት ሙሉ ሳይነካ ስለሚሠራ ጤነኛ ይመስላል፤ ባለቤቱም ይዘናጋል። ጉድለቱ የሚገለጠው ከከተማ ሲርቅ ነው። ዝግጅቱን ከጉዞው ሦስት አራት ቀን አስቀድማችሁ ጀምሩ፤ ዋዜማ ላይ የተነካካ ሞተር ይዞ መንገድ መውጣት አይመከርም።

በማለዳ፣ ሞተሩ ሳይነሳ፦ የቫልቭ ክፍተት

ቫልቭ የሚለካው ሞተሩ ፈጽሞ ቀዝቃዛ ሲሆን ነው። ፀሐይ ላይ የዋለ ሞተር ሳይነሳም ብረቱ ይሞቃል፤ ስለዚህ ሌሊቱን ጥላ ሥር አሳድራችሁ ማለዳ ላይ ሥሩት። የሚያስፈልጋችሁ ባለ 8፣ 10፣ 12፣ 14 እና 17 ቁልፍ፣ ካቻቢቴ፣ ፒንሳ እና የክፍተት መለኪያ ስስ ብረት ነው። መለኪያው 0.08 ሚሊ ሜትር የሚል ቅጠል እንዳለው አይታችሁ ግዙ።

1. የቤንዚን መዝጊያውን ዝጉ፤ መቀመጫውንና ታንኩን አንሱ። ታንኩ ሳይነሳም መሥራት ይቻላል የሚሉ አሉ፤ እጅ እንደልብ ካልገባ ግን ልኩ አይታመንም።

2. በካንዴላው ዙሪያ ያለውን አሸዋ በብሩሽ ጠርጋችሁ ካንዴላውን ፍቱ። ሞተሩ ያለ ግፊት በቀላሉ ይዞርላችኋል።

3. ከቴስታታው በላይ ያለውን የቫልቭ ክዳን ፍቱ። ጓርኒሲዮኑ (ማሸጊያው) እንዳይቀደድ ክዳኑን በካቻቢቴ አትፈልቅቁት፤ በእንጨት ጎኑን ቀስ አድርጋችሁ ምቱት፣ ይላቀቃል።

4. በግራ በኩል ያለውን የማግኔት ክዳን፣ ወይም ሞዴሉ ካለው ሁለቱን ትናንሽ መመልከቻ ቡሾች ክፈቱ። ማግኔቱን ከሰዓት አቆጣጠር በተቃራኒ አቅጣጫ በዝግታ እያዞራችሁ «ቲ» የሚለው የላቲን ፊደል አጠገብ ያለችው መስመር ከቋሚው ምልክት ጋር እንድትገጥም አድርጉ።

5. ሁለቱን የቫልቭ መጫኛ ክንዶች በጣታችሁ ነካ ነካ አድርጉ። ሁለቱም ትንሽ መላወስ አለባቸው። ጥብቅ ብለው እንቢ ካሉ ፒስተኑ ከላይ የደረሰው በሌላኛው ዙር ነውና ማግኔቱን አንድ ሙሉ ዙር ጨምራችሁ አዙሩ።

6. 0.08 መለኪያውን በክንዱና በቫልቩ ጫፍ መካከል አስገቡ። ለስለስ ባለ ተቃውሞ መንሸራተት አለበት። ካልሆነ መቆለፊያ ዳዶውን አላልታችሁ መካከለኛዋን ብሎን አስተካክሉ፤ ብሎኗን ይዛችሁ ዳዶውን አጥብቁ፤ ከዚያ እንደገና ለኩ። ዳዶው ሲጠብቅ ብሎኗን ይዟት ስለሚዞር ከመጀመሪያው ይልቅ የሚታመነው ሁለተኛው ልኬት ነው። ለማስገቢያውም ለማስወጫውም ልኩ አንድ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር በኃይል መናገር እፈልጋለሁ። ብዙ ባለቤቶች ሞተሩ ላይ ቀጭን የመንቀጫቀጭ ድምፅ ሲሰሙ «ቫልቩን አጥብቅልኝ» ይላሉ፤ መካኒኩም ድምፁ እስኪጠፋ ያጠብቃል። ይህ ሞተርን ያቃጥላል። የማስወጫ ቫልቭ ከእሳት ጋር የሚውል ብረት ነው፤ ሙቀቱን የሚያራግፈው ተዘግቶ መቀመጫው ላይ ባረፈባት ቅጽበት ነው። ክፍተቱ ከጠፋ ቫልቩ ሙሉ በሙሉ አይዘጋም፤ በጠርዙ እሳት እያሾለከ ይቃጠላል፤ ሞተሩም ዳገት ላይ ይደክማል። ባለ ገፊ ዘንግ ሞተር ትንሽ ይንቀጫቀጫል፤ ተፈጥሮው ነው። ጆሮን ለማስደሰት ብሎ ቫልቭ ማጥበቅ ይቅር።

ካንዴላና እሳት

የፈታችሁትን ካንዴላ ወዲያው አትወርውሩት፤ አንብቡት። ጫፉ ቀላ ያለ ቡናማ ከሆነ ድብልቁ ደህና ነው። ጥቁርና ደረቅ ጥላሸት ከለበሰ ቤንዚን በዝቷል፤ ጥቁር ሆኖ በዘይት ከረጠበ ፋሻው (የፒስተኑ ቀለበት) ወይም የቫልቩ ዘይት መከላከያ ማለቁን ይናገራል። ነጭ ሆኖ የተጠበሰ ከመሰለ ሞተሩ ከልክ በላይ እየሞቀ ነውና ምክንያቱ ሳይገኝ ጉዞ አይጀመርም። ክፍተቱ ከ0.6 እስከ 0.7 ሚሊ ሜትር ይሁን። ለጉዞ አዲስ ካንዴላ ግጠሙና አሮጌውን፣ ደህና ከሆነ፣ መለዋወጫ አድርጋችሁ ያዙ።

ቀደምቶቹ ሲጂዎች እሳት የሚቆርጡት በፑንቲና፣ ማለትም በየዙሩ በሚከፈትና በሚዘጋ የኤሌክትሪክ መገናኛ ነው፤ የኋለኞቹ ኤሌክትሮኒክ ናቸው። ፑንቲና ካላችሁ ከንፈሮቹን ተመልከቱ፤ የተቦረቦሩ ከሆኑ ለውጡ፤ ትንሽ ከጠቆሩ በደቃቅ ሞረድ አጽዱ። ሙሉ ሲከፈቱ ክፍተታቸው ከ0.3 እስከ 0.4 ሚሊ ሜትር ነው። ከዚያ በኋላ መከፈት የሚጀምሩት በማግኔቱ ላይ «ኤፍ» የሚለው ፊደል ምልክቱ ዘንድ ሲደርስ መሆኑን አረጋግጡ። እሳቱ ከዘገየ ቃጠሎው ወደ ማርሚታው ይሻገራል፤ ከቀደመ ደግሞ ፒስተኑን ገና ሲወጣ ይመታዋል። ሁለቱም ሙቀት ናቸው። ፑንቲና የሚያሻሽ የፋይበር እግር ስላለው እያደር ክፍተቱ ይጠባል፤ እግሩ የሚሻሸበት ጉብታ ላይ የግራሶ ጠብታ ካገኘ ግን ብዙ ይቆያል። ኤሌክትሮኒኩ ይህን ሁሉ አይጠይቅም፤ ሽቦዎቹን ከመሰኪያቸው ነቅላችሁ አጽድታችሁ መልሱ፣ በቃ።

አየርና ቤንዚን

የአየር ማጣሪያው ስፖንጅ ከሆነ በነጭ ጋዝ እጠቡት፤ በቤንዚን አይሁን፣ ስፖንጁን ይበላዋል፣ እሳትም ያስነሳል። ጨምቃችሁ ካደረቃችሁት በኋላ በሞተር ዘይት አርሱትና ትርፉን አጥብቃችሁ ጭመቁ። ወረቀት ከሆነ አይታጠብም፤ ከውስጥ ወደ ውጭ በነፋስ አራግፉት፤ ካረጀ ለውጡት። ወደ ዘጌ ወይም ከቆላ ድባ ወደ ጎርጎራ በበጋ የሄደ ሰው አቧራው ምን ያህል እንደሆነ ያውቃል። ማጣሪያውን አውጥቶ መንዳት ጉልበት ይጨምራል የሚል ወሬ አለ፤ የሚጨምረው አሸዋ ነው፤ አሸዋው ከዘይቱ ጋር ተለውሶ ሲሊንደሩን ይሞርደዋል።

ካርቡሬተሩን በተመለከተ ከፍታ ወሳኝ ነው። ለባሕር ጠለል የተቀመጠ ካርቡሬተር ባሕር ዳር ሲመጣ የሚለካው ቤንዚን ብዙም ሳይቀንስ አየሩ ብቻ ይሳሳል፤ ስለዚህ ድብልቁ ቤንዚን ይበዛበታል። ምልክቱ የጠቆረ ካንዴላ፣ የደነዘዘ ሞተርና የበዛ ፍጆታ ነው። የተረፈው ቤንዚን ከሲሊንደሩ ግድግዳ ላይ ዘይቱን ስለሚያጥብ ፋሻው ቶሎ ያልቃል።

ማስተካከያው ሁለት ቦታ ነው። አንደኛው በዝግታ ሲሠራ የሚያዝዘው ነው። ሞተሩን አሥር ደቂቃ ያህል ነድታችሁ አሙቁት። የድብልቅ ብሎኗን ቀስ አድርጋችሁ እስክትነካ ድረስ ብቻ ዝጉ፤ አታስጨንቋት፣ ጫፏ ይበላሻል። ከዚያ አንድ ዙር ተኩል ክፈቱ። ሞተሩን አስነሡና ብሎኗን በሩብ ሩብ ዙር ወዲያና ወዲህ እያዞራችሁ ድምፁ ከሁሉ የበለጠ የሚፈጥንበትንና የሚስተካከልበትን ቦታ ፈልጉ። በመጨረሻ ሚኒሞውን (ሞተሩ ቆሞ በዝግታ የሚዞርበትን ፍጥነት) በደቂቃ ወደ 1,400 ዙር መልሱ፤ ዙር መቁጠሪያ ከሌላችሁ ሞተሩ ሳይንቀጠቀጥና ሳይጠፋ ረግቶ የሚቆምበት ላይ ተዉት። ሁለተኛው በመካከለኛ ፍጥነት የሚያዝዘው መርፌ ነው። የካርቡሬተሩን አናት ስትከፍቱ መርፌው ከነመንሸራተቻው ይወጣል፤ በጭንቅላቱ በኩል ትንሽ ቀለበት የምትያዝባቸው ቦዮች አሉት። ቀለበቷን አንድ ቦይ ወደ ላይ ብታወጧት መርፌው ይወርዳል፣ ቤንዚኑም ይቀንሳል። አንድ ቦይ ብቻ አንቀሳቅሱ፤ ለጥቂት ቀን ነድታችሁ ካንዴላውን እንደገና አንብቡ። ቀይ ቡናማ ከሆነ አቁሙ።

ይህን ካደረጋችሁ በኋላ ወደ ቆላ ስትወርዱ መልሱት። ከባሕር ዳር ወደ አዲስ አበባ በሚወስደው መንገድ የዓባይ በረሃ ድልድይ 1,000 ሜትር አካባቢ ላይ ነው፤ መተማም ቆላ ነው። እዚያ አየሩ ሲወፍር ለደጋ የተቀነሰው ቤንዚን ያንሳል፤ ቤንዚን ያነሰው ድብልቅ ደግሞ እጅግ ይሞቃል። ለጣና ዙሪያ ብቻ ከሆነ ስጋት የለም፤ ከባሕር ዳር እስከ ጎንደር ልዩነቱ ጥቂት መቶ ሜትር ነው።

የቤንዚኑ ጥራት ከሁሉ ይከፋል። ማደያ ጠፍቶ በመንገድ ዳር በላስቲክ ዕቃ የሚሸጠውን የምትገዙ ከሆነ በንጹሕ ብርጭቆ ትንሽ ቀድታችሁ ጥቂት አቆዩት። ውሃ ካለበት ከሥር ተለይቶ ይቀመጣል። ነጭ ጋዝ የተቀላቀለበት ቤንዚን ጣት ላይ ሲቀባ ቶሎ አይተንም፤ ቅባትነቱ ይቆያል። እንዲህ ያለው ቤንዚን ያለ ጊዜው ስለሚነድ ሞተሩን ዳገት ላይ ብረት በብረት እንደተመታ ያንቋቋዋል፤ ያን ድምፅ ከሰማችሁ ማርሽ ቀንሱ፣ የቤንዚን እጀታውንም መልሱ። ሲጂ 125 በረጋ አነዳድ በሊትር 40 ኪሎ ሜትር አካባቢ ይሄዳል፤ ከባሕር ዳር ጎንደር 180 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ ታንካችሁን ቤታችሁ ሞልታችሁ ብትወጡ መንገድ ላይ መግዛት አያስፈልጋችሁም። ይህ ትንሽ ሞተር ካሉት በረከቶች ሁሉ እኔ የምወድለት ይህንን ነው።

ዘይት

አሁን ሞተሩ ሞቋል፤ ዘይት የሚፈሰውም እንዲህ ትኩስ ሆኖ ነው፤ ቆሻሻውን ይዞ ይወጣል። የማፍሰሻውን ብሎን ከሥር ፍቱና ዕቃ ደቅኑ። ወደ አፈሩ ወይም ወደ ቦዩ እንዳታፈሱት እለምናችኋለሁ፤ የባሕር ዳር ጎርፍ መጨረሻው ጣናና ዓባይ ነው። በጀሪካን ሰብስባችሁ ለጋራዥ ስጡት።

ይህ ሞተር እንደ መኪና የሚጣል የወረቀት ማጣሪያ የለውም። ያለው የሽቦ ወንፊት እና በቀኝ በኩል በኮሎው ጫፍ ላይ የሚሽከረከር ክብ ዕቃ ነው፤ ዕቃው ሲሽከረከር ከባዱ ቆሻሻ ወደ ጠርዙ ተወርውሮ ይጣበቃል። ዘይት ሲቀየር ይህ ቆሻሻ አብሮ አይወጣም። ለዓመታት ያልተከፈተ ሞተር ስትከፍቱ እንደ ጠላ አተላ የወፈረ ጥቁር ዝቃጭ ታገኛላችሁ። ዕቃው ሲሞላ ማጣራቱን ያቆማል፤ ከዚያ በኋላ ብረት ብናኙ ከዘይቱ ጋር ይዞራል። ስለዚህ ሞተሩን ገና ከገዛችሁት ወይም ታሪኩን ካላወቃችሁ፣ ከረጅም ጉዞ በፊት የቀኝ ክዳኑን አስከፍቱና ሁለቱንም አሳጥቡ። የቀኝ ክዳኑ የፍሪሲዮንም ክዳን ስለሆነ አዲስ ጓርኒሲዮን ቀድማችሁ ገዝታችሁ ተዘጋጁ። ይህን ሥራ የለመደ መካኒክ ቢሠራው እመርጣለሁ፤ እናንተ ግን አጠገቡ ቁሙ።

የሚገባው ዘይት አንድ ሊትር ያህል ነው። ይህ አንድ ሊትር ኮሎውን፣ ካሙን፣ ማርሹንና ፍሪሲዮኑን ሁሉ ያገለግላል፤ ሙቀቱንም ከፒስተኑ ሥር እየለቀመ ወደ ውጭኛው ብረት ያደርሳል። ሩቡ ሲጎድል ከአገልጋዩ ሩብ ጎደለ ማለት ነው። ፍሪሲዮኑ ዘይት ውስጥ ስለሚሠራ ለሞተር ብስክሌት የተዘጋጀ፣ በዕቃው ላይ ጃሶ ኤምኤ የሚል ምልክት ያለበትን ምረጡ፤ ለአዳዲስ መኪኖች ከተሠሩት ቀጫጭን ዘይቶች አንዳንዶቹ ፍሪሲዮን ያንሸራትታሉ። ላረጀ ሞተርና ለጭነት 20 ደብልዩ 50 እመርጣለሁ። መጠኑን ስትለኩ ሞተሩ ጥቂት ሠርቶ ከጠፋ በኋላ ሁለት ሦስት ደቂቃ ጠብቁ፤ ሞተር ብስክሌቱን በጎን ማቆሚያው ሳይሆን ቀጥ አድርጋችሁ አቁሙት፤ መለኪያውንም ሳትጠመዝዙ አስገብታችሁ ብቻ አውጡት። ከሁለቱ መስመሮች የላይኛው ዘንድ ይድረስ፤ እንዳያልፍ።

ለእኛ መንገድ ዘይቱ ከ1,500 እስከ 2,000 ኪሎ ሜትር ባለው ውስጥ ቢቀየር ትክክል ነው እላለሁ። ዋጋው ከፋሻና ከፒስተን ዋጋ ጋር አይወዳደርም።

ካቴና፣ ጎማና ፍሬን

ሲጂ ሲፈጠር ካቴናው (ሰንሰለቱ) ከጫፍ እስከ ጫፍ በቆርቆሮ የተሸፈነ ነበር። ከተማ ውስጥ ግን ብዙዎች «ያንኳኳል» ብለው አውልቀው ጥለውታል። እባካችሁ ፈልጋችሁ መልሱት። የፎገራ ዋልካ በክረምት፣ አቧራው በበጋ ካቴና ላይ ከተቀመጠ ከግራሶው ጋር ተለውሶ ጥርሱን ይስለዋል፤ ሽፋኑ ያለው ካቴና በብዙ ይበልጣል። ድምፁ የሚመጣው ካቴናው ስለላላ ወይም ሽፋኑ ስለተጣመመ ነው፤ እሱን አስተካክሉ።

ልልነቱን በሽፋኑ ላይ ባለው ቀዳዳ በኩል በጣታችሁ ከታችኛው መስመር መካከል ለኩ። ወደ ላይና ወደ ታች በድምሩ ሁለት ሳንቲ ሜትር ገደማ ይላወስ። ጎማውን አንድ ዙር እያዞራችሁ በአራት በአምስት ቦታ ለኩ፤ ካቴና በእኩል ስለማይረዝም አጥብቃችሁ የምትተዉት ከሁሉ የጠበቀውን ቦታ አይታችሁ ነው። አብዝታችሁ አታጥብቁ፤ ሰውና ዕቃ ሲጫን የኋላው ክንድ ሲነሳ ካቴናው ራሱ ይወጠራል፤ ትርፍ ቦታ ካጣ ኩሽኔታውን ይሰብራል። በኋላው ክንድ ላይ በግራና በቀኝ ያሉት ምልክቶች እኩል ይሁኑ።

የጎማ ነፋስ የፊቱ 25፣ የኋላው 28፣ ሰው ወይም ዕቃ ሲደረብ 32 ፒኤስአይ ገደማ ይሁን፤ ቀዝቃዛ ሆኖ ይለካ። ራጂዎቹን (የመንኮራኩሩን ሽቦዎች) በቁልፍ አንድ በአንድ መታ መታ አድርጉ፤ የተወጠረው ይጮኻል፣ የላላው ያፍናል። ፍሪሲዮኑ እጀታው ጫፍ ላይ ከአንድ እስከ ሁለት ሳንቲ ሜትር፣ የኋላ ፍሬን ፔዳሉ ከሁለት እስከ ሦስት ሳንቲ ሜትር ባዶ እንቅስቃሴ ይኑራቸው። ፍሬን ሲያዝ ከበሮው ላይ ያለው ቀስት የማለቂያ ምልክቱን ከነካ ሸራው አልቋል።

ጭነትና መለዋወጫ

ከባዱን ዕቃ ወደ መቀመጫው አስጠግታችሁ ዝቅ አድርጋችሁ እሠሩ። ከኋላ ጎማ ማዕከል አልፎ የተንጠለጠለ ዕቃ የፊቱን ጎማ ስለሚያቀለው መሪው ይዋልላል፤ ከጣና በኩል የጎን ነፋስ ሲመጣ ይህ በግልጽ ይታያል። ከሞተሩ ፊት ምንም አትሠሩ። ጀሪካንም፣ ላስቲክም፣ የእግር መከላከያ ሸራም ነፋሱን ከክንፎቹ ይከለክላል። በክንፎቹ መካከል የደረቀ ጭቃ ካለ በእንጨት ፈቅፍቁት።

የያዛችሁት ቁልፍ ያስተካከላችሁትን ሁሉ የሚፈታ መሆኑን አረጋግጡ። ካንዴላ፣ አንድ ከመነዳሪ ከነመለጠፊያው፣ የእጅ ፓምፕ፣ የፍሪሲዮንና የቤንዚን እጀታ ሽቦ፣ የካቴና መገጣጠሚያ፣ ጥቂት ዘይት፣ ሽቦና የኤሌክትሪክ ፕላስተር ይብቃችሁ። ፑንቲና ካላችሁ ፑንቲና ጨምሩ።

ሙከራውና መንገዱ

ሁሉም ሲያልቅ ወደ ጢስ ዓባይ ደርሳችሁ ተመለሱ፤ ደርሶ መልስ 60 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ስትመለሱ ዘይት የሚያንጠባጥብ ቦታ፣ የላላ ብሎን፣ የረዘመ ካቴና ፈልጉ። ይህ ሙከራ ያልተደረገበት ዝግጅት ዝግጅት አይባልም።

ከመነሳታችሁ በፊት በዚያው መስመር ከሚመላለሱ ሾፌሮች የመንገዱን ሁኔታ ጠይቁ፤ መንገድ የሚዘጋበትና የሞተር ብስክሌት እንቅስቃሴ የሚገደብበት ጊዜ አለ። በክረምት ከሆነ ስለ ጉማራና ስለ ርብ ወንዞች ጠይቁ፤ ሲሞሉ የፎገራን ሜዳ ያጥለቀልቃሉ። ሄልሜት ለነጂውም ለተደራቢውም ይሁን፤ ማለዳ ተነሱ፣ ማታ አትንዱ። ከብቱና ጋሪው በምሽት አይታይም።

በግንቦት 2016 የተመረቀውን 380 ሜትር የዓባይ ድልድይ ተሻግራችሁ ወደ ወረታ ስትወጡ መንገዱ ሜዳ ነው። ሞተሩን የሚጎዳው እዚህ እንጂ ዳገቱ ላይ ብቻ አይደለም። ሜዳ ያታልላል፤ እጀታውን እስከ መጨረሻው ጠምዝዞ መሄድ ያምራል፤ ሞተሩም ለደቂቃ ሳያርፍ ይሞቃል። ከ60 እስከ 65 ኪሎ ሜትር በሰዓት ያዙ፤ እጀታው ከሦስት አራተኛው በላይ አይከፈት። ወረታ ላይ ቁሙና ሻይ ጠጡ፤ ሞተሩም ይረፍ።

ከአዲስ ዘመን በኋላ ዳገቱ ይጀምራል። ሞተሩ ሳያቃስት አስቀድማችሁ ማርሽ ቀንሱ። በከባድ ማርሽ ዝግ ብሎ እየጎተተ የሚወጣ ሞተር ከሁሉ የባሰ ይሞቃል፤ ነፋሱ ያንሳል፣ በየምቱ የሚሸከመው ግን ይበዛል። በሦስተኛ ማርሽ በደስተኛ ድምፅ መውጣት ለብረቱ ይሻለዋል። ጉልበቱ በድንገት ከቀነሰ ወይም የተቃጠለ ሽታ ከመጣ ነፋሻ ቦታ ላይ አቁሙ፤ ውሃ እንዳታፈሱበት፣ ትኩስ ብረት በቀዝቃዛ ውሃ ይሰነጠቃል። ግማሽ ሰዓት አሳርፋችሁ ዘይቱን ለኩ።

ስትመለሱ ያው ዳገት ቁልቁለት ይሆናል። ማርሹን ፈትቶ መንከባለል የከበሮ ፍሬኑን ያግለዋል፤ የጋለ ፍሬን ደግሞ አይዝም። በወጣችሁበት ማርሽ ውረዱ፤ ፍሬኑን በአጭር በአጭሩ ያዝ ለቀቅ አድርጉ።

ማክሰኚትንና አዘዞን አልፋችሁ፣ ከአዘዞ ወደ ጎርጎራ ታጥፋችሁ ከደረሳችሁ በኋላ ሞተሩን ወዲያው አታጥፉት፤ ግማሽ ደቂቃ በሚኒሞ ይሥራ። ማታ ላይ ሲቀዘቅዝ ዘይቱን ለኩ፤ የጎደለውን ሙሉ፤ የጎደለውን መጠንም ማስታወሻ ላይ ጻፉ። ባሕር ዳር ስትመለሱ በማግስቱ ማለዳ የቫልቭ ክዳኑን ክፈቱና 0.08 መለኪያውን እንደገና አስገቡ። የማስወጫው ክፍተት ከተዋችሁት ጠብቦ ከተገኘ ቫልቩ መቀመጫው ውስጥ እየሰመጠ ነው፤ ለቀጣዩ ጉዞ ቴስታታውን የሚያይ መካኒክ ቀጠሮ ያዙ።